ክሌይሞር ታግዷል ወይስ አልታገደም? ሁለት አፍ ያለው ቃል፣ ከስኮትላንድ ሰይፍ እስከ ዘመኑ ፈንጂ

ፖላንድና ሦስቱ የባልቲክ አገሮች ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ፀረ ሰው ፈንጂን ከሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት የመውጣት ሐሳብ እንዳላቸው በማርች 2025 አሳወቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊንላንድ ተከተለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈንጂ ክርክር በተነሳ ቁጥር ክሌይሞር ስለሚባል፣ የብረት እንክብሎችን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚረጭ መሣሪያ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይነገራል። አንዱ «ክሌይሞር የታገደ ፈንጂ ነው» ይላል፤ ሌላው «ስምምነቱ ክሌይሞርን አልነካውም» ብሎ ይመልሳል። ነገሩን ላጣራ ብሎ ስሙን ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው ደግሞ ሽቦ ከተቀጠለበት የፕላስቲክ ሳጥን ጎን የመካከለኛው ዘመን ሰይፍ ፎቶ ይመጣለታል።

ሁለቱም ተከራካሪዎች የያዙት ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ የዕቃውን ስምም መልክም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማን እንደሚያፈነዳው ነው፦ ማስነሻውን የጨበጠው ወታደር ወይስ በዚያ የሚያልፈው ሰው? ቃሉ በየዘመኑ ሁለት ነገር እየተሸከመ ስለመጣ ግን ጥያቄው በስሙ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ይቀራል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሰይፍ ትልቅ»

ክሌይሞር በእንግሊዝኛ ሸክላ አፈር ማለት ከሆነው «ክሌይ» ጋር ዝምድና የለውም። ምንጩ በስኮትላንድ ደጋማ ምድርና በምዕራብ ደሴቶቿ የሚነገረው ጌሊክ ነው። «ክላየቭ» ሰይፍ፣ «ሞር» ትልቅ ማለት ነው። በጌሊክ ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ስለሚመጣ ቃል በቃል ሲነበብ «ሰይፍ ትልቅ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ጆሯቸው እንደያዘላቸው አንዴ «ግሌይሞር» አንዴ «ክሌይሞር» እያሉ መዘገቡት። በዌልስ ቋንቋም ሰይፍ ከዚሁ ሥር የወጣ ስም አለው። ሮማውያን ለሰይፋቸው የሰጡት፣ «ግላዲያተር» የሚለው ቃል የተገኘበት «ግላዲየስ»ም ከኬልቶች የተወሰደ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ።

ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጎራዴ» ከማለት «ሰይፍ» ማለት ይሻላል። ጎራዴ ሲባል ለብዙው ሰው የሚታየው ቆልመም ያለው ነው፤ ክሌይሞር ግን ቀጥ ያለና በሁለት ወገን የተሳለ፣ ሁለት አፍ ያለው ነው።

ሁለት ሰይፍ በአንድ ስም

ግራ መጋባቱ የተጀመረው ፈንጂው ከመሠራቱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። ክሌይሞር የሚባሉት ሰይፎች ራሳቸው ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው በሁለት እጅ የሚያዘው ነው። ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን በስኮትላንድ ደጋማ ምድር አገልግሏል። ርዝመቱ ከነእጀታው 140 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም የአሥር ዓመት ልጅ ቁመት ያህል ነው። ክብደቱ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ አሥር ኪሎ ይመዝን ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ እንዲያ ያለ ሰይፍ ይዞ ሁለተኛ ምት የሚሰነዝር ክንድ የለም። ከሩቁ የሚለየው በመስቀለኛው ነው፦ ሁለቱ ክንዶች ወደ ስለቱ አዘንብለው ይወርዱና ጫፋቸው ላይ አራት ቀለበት የተጋጠመበት፣ አበባ የሚመስል ጌጥ አላቸው።

ሁለተኛው በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። አጭርና ቀለል ያለ ሲሆን የተዋጊውን መዳፍ የሚከልል የብረት ቅርጫት በእጀታው ዙሪያ አለው። ቅርጫቱን የስኮትላንድ አንጥረኞች ይሠሩት ነበር፤ ስለቱ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርመን፣ በተለይ ከዞሊንገን ከተማ ይመጣ ነበር። በብዙዎቹ ስለቶች ላይ «አንድሪያ ፌራራ» የሚል የጣሊያን አንጥረኛ ስም ተቀርጾ ይገኛል። ሁሉንም እሱ ሠራቸው ማለት አይደለም፤ ስሙ የጥራት ምልክት ሆኖ ሌሎችም ይመቱት ነበር።

ሁለቱ ሰይፎች በአንድ ስም መጠራታቸውን በጊዜው የታዘበ ሰው አለ። ጸሐፊው ጄምስ ቦስዌል በ1773 ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከሳሙኤል ጆንሰን ጋር በስኮትላንድ ስካይ ደሴት ወደሚገኘው የደንቬገን ግንብ ሄዶ ነበር። ግንቡ የማክላውድ ጎሳ አለቆች መቀመጫ ነው። እዚያ የቀድሞውን አለቃ የሮሪ ሞርን ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ አየ፤ «ሞር» እዚህም ያው ነው፣ «ትልቁ ሮሪ» ማለት ነው። ቦስዌል በማስታወሻው በእሱ ዘመን ክሌይሞር የሚባለው ሰይፍ ከዚህኛው በጣም እንደሚያንስ ጽፏል። ትልቁ ሰይፍ ከአገልግሎት ሲወጣ «ትልቅ ሰይፍ» የሚለውን ስም ትንሹ ወርሶት ነበር።

በኋላ የመጡ የጦር መሣሪያ ተመራማሪዎች በዚህ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ክሌይሞር ለባለ ቅርጫቱ ይቅር፣ ትልቁ በጌሊክ «ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ» ተብሎ ይጠራ አሉ። ሌሎቹ ስሙ በትርጉሙም በመነሻውም የሚገባው ለትልቁ ነው ብለው መለሱ። የሰነዱ ማስረጃ ለሁለቱም ስለሚመሰክር አንዱን «ትክክለኛው» ማለት ብዙ አያስኬድም፤ የሙዚየም መግለጫ ወይም ትርጉም የሚጽፍ ሰው «ባለ ሁለት እጅ» ወይም «ባለ ቅርጫት» ብሎ ቢጨምር ይበቃዋል። ልዩነቱ ለታሪክ ግን ይጠቅማል። በኤፕሪል 16 ቀን 1746 በስኮትላንድ በከሎደን ሜዳ በብሪታንያ መንግሥት ጦር የተሸነፉት ደገኞች በእጃቸው የነበረው ሰይፍ ባለ ቅርጫቱ ነበር፤ በሥዕልና በፊልም የሚታየው ረጅሙ ሰይፍ በዚያን ጊዜ የአያት ዕቃ ሆኗል። ከውጊያው በኋላ መንግሥት ደገኞቹን ትጥቅ የሚያስፈታ ሕግ አወጣ። ዛሬም የስኮትላንድ ክፍለ ጦር መኮንኖች በሰልፍ የሚይዙት ባለ ቅርጫቱን ነው።

ስሙ ከሰይፍ አልፎ ብዙ ቦታ ተለጥፏል። በማርች 4 ቀን 1941 የእንግሊዝ ኮማንዶዎች በኖርዌይ የሎፎተን ደሴቶች ያካሄዱት ወረራ «ኦፕሬሽን ክሌይሞር» ይባላል። በሰሜን ባሕርም በዚሁ ስም የሚጠራ የነዳጅ ሜዳ አለ።

ሰይፉ እንዴት ፈንጂ ሆነ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሃንጋሪያዊው ሚስናይና ጀርመናዊው ሻርዲን አንድ ባሕርይ አጠኑ። ክብ ፈንጂ ሲፈነዳ ኃይሉን በየአቅጣጫው እኩል ይበትናል። እንደ ሰሌዳ የተነጠፈ ፈንጂ ግን አብዛኛውን ኃይሉን ከሰፊው ገጹ ቀጥ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። በአንዱ ገጽ ላይ ብረት ቢለጠፍ ያ ብረት ወደ አንድ አቅጣጫ ይወረወራል። የመጀመሪያው ሐሳብ ታንክ መምታት ነበር።

በኮሪያ ጦርነት የቻይና እግረኛ በማዕበል እየመጣ ሲያጥለቀልቅ ችግሩ ሰውን የሚመለከት ሆነ። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኖርማን ማክላውድ በ1950ዎቹ ይህንኑ ባሕርይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገባው፤ ስሙንም ከስኮትላንዱ ሰይፍ ወሰደለት። የፈልሳፊው የቤተሰብ ስምና ቦስዌል ትልቁን ሰይፍ ያየበት ግንብ ባለቤቶች ስም አንድ መሆኑ ስያሜውን ለመረዳት ይረዳል። ኤም18ኤ1 የተባለው ዓይነት በቬትናም ጦርነት በሰፊው አገልግሏል፤ እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ዕቃው ሲታይ አያስፈራም። አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ወርዱ 21.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.6 ኪሎ፤ በመካከሉ ለስለስ ብሎ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ነው። ከሥሩ መሬት ላይ የሚሰኩ ሁለት ጥንድ የሚታጠፉ እግሮች፣ በአናቱ ማነጣጠሪያ ቀዳዳ አለው። በውስጡ ከኋላ 680 ግራም ሲ-4 ፈንጂ፣ ከፊት ደግሞ በሙጫ የተያዙ 700 ያህል የብረት እንክብሎች ይገኛሉ። አንዷ እንክብል 3.2 ሚሊ ሜትር ናት፤ የምስር ፍሬ ታህላለች። በጎበጠው ገጽ ላይ «ፊቱ ወደ ጠላት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጎላ ብሎ ወጥቷል፤ በጨለማ በጣት ሊዳሰስ ይችላል። የተገላቢጦሽ የተተከለ ክሌይሞር የሚገድለው ባለቤቱን ነውና ጽሑፉ ለጌጥ የተቀረጸ አይደለም።

ሲፈነዳ እንክብሎቹ በሴኮንድ 1,200 ሜትር ገደማ ፍጥነት በ60 ዲግሪ ማዕዘን እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይወጣሉ። 50 ሜትር ላይ ሲደርሱ የማራገቢያው ስፋት 50 ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። የቆመ ሰው ቁመት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እንክብሎቹ እየተራራቁ ኃይላቸውም እየላላ ይሄዳል፤ ሆኖም እስከ 250 ሜትር ድረስ አደገኞች ናቸው።

ኋላውስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈንጂው ወደ ፊት የገፋውን ያህል ወደ ኋላም ስለሚገፋ የፕላስቲክ ስባሪ፣ ድንጋይና የፍንዳታ ግፊት በጀርባው ይወጣል። የአሜሪካ ጦር መመሪያ ከጀርባውና ከጎኑ በ16 ሜትር ውስጥ ወገን ጨርሶ እንዳይገኝ ያዛል፤ እስከ 100 ሜትር ያለውም ሰው መከለያ መያዝ አለበት። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሽቦ ርዝመት 30 ሜትር ነው። ስለዚህ በእጅ የሚጨመቀውን ማስነሻ የያዘው ወታደር ራሱ አደጋው በሚደርስበት ክልል ውስጥ ነው፤ ጉድጓድ ወይም ጠንካራ መከለያ ከሌለው ይጎዳል። ይኸኛውም ክሌይሞር እንደ ሰይፉ ሁለት አፍ አለው ቢባል ያስኬዳል።

በአማርኛ ፈንጂ ይረገጣል

የስም ችግሩ «ክሌይሞር» ላይ አያበቃም፤ «ፈንጂ» የሚለውም ያሳስታል። በእንግሊዝኛ ለመሬት ፈንጂ የሚያገለግለው «ማይን» መነሻው ቁፋሮ ነው፤ ጥንት የጠላትን ቅጥር ለመናድ ከሥሩ የሚቆፈረው ዋሻ ነበር። የአማርኛው «ፈንጂ» ከመፈንዳት ስለመጣ ስለ መቀበር የሚለው ነገር የለም። አነጋገራችን ግን ቀብሮታል፤ «የተቀበረ ፈንጂ» እንላለን፣ «ፈንጂ ረገጠ» እንላለን፣ «ፈንጂ ወረዳ» ሲባልም ዓይናችን ወደ መሬት ይወርዳል። ክሌይሞር አይቀበርም፣ አይረገጥምም። በእግሮቹ ላይ ቆሞ ወይም ከግንድ ጋር ታስሮ ፊት ለፊት ያያል።

ሌሎች አገሮች የሚሰጡት ስም ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ሩሲያውያን ኤም.ኦ.ኤን. በሚል ምኅጻር ተከታታይ ዓይነቶች አሏቸው፤ ትርጉሙ «ፍንጣሪ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚረጭ ፈንጂ» ነው፣ ቃሉንም «ሚና» (ፈንጂ) እንዳሉ አቆይተውታል። ኤም.ኦ.ኤን.-50 ክሌይሞርን ይመስላል፤ ኤም.ኦ.ኤን.-100 እና 200 ደግሞ ክብ ምጣድ የሚመስሉ ትልልቆች ናቸው። ፊንላንዳውያን «የማራገቢያ ሙሊት» ይሉታል («ሙሊት» እዚህ ለማፈንዳት የተዘጋጀ የፈንጂ መጠን ማለት ነው)። ስዊድናውያን «የመከላከያ ሙሊት»፣ ካናዳውያን «በትእዛዝ የሚፈነዳ የመከላከያ መሣሪያ» ብለውታል። የአሜሪካ ጦር መመሪያዎችም ከጊዜ በኋላ «ፈንጂ» የሚለውን ትተው «ተተኳሽ» ማለት ጀምረዋል። ለብዙዎቹ የስም ለውጦች ምክንያቱ የቋንቋ ፍቅር አይደለም፤ የኦታዋ ስምምነት ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ

የኦታዋ ስምምነት በዲሴምበር 1997 ለፊርማ ቀርቦ በማርች 1 ቀን 1999 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 2 ፀረ ሰው ፈንጂን ሲተረጉም፣ ሰው በመኖሩ፣ በመቅረቡ ወይም በመንካቱ እንዲፈነዳ ሆኖ የተሠራና አንድ ወይም ብዙ ሰው የሚያቆስል ወይም የሚገድል ፈንጂ ነው ይላል። ቁልፉ ቃል «እንዲፈነዳ ሆኖ የተሠራ» የሚለው ነው። ተጎጂው ራሱ የሚያፈነዳው መሣሪያ ይታገዳል፤ ሌላ ሰው አይቶና ወስኖ የሚያፈነዳው በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ያው ሳጥን ሁለት ሕጋዊ መልክ አለው። በሽቦው ጫፍ ወታደር ተቀምጦ ማስነሻውን ሲጨምቅ የኦታዋ ስምምነት አይመለከተውም። እግር በሚጠልፍ ቀጭን ሽቦ ወይም በሌላ ሰው በሚነካው ማስነሻ ሲተከል ግን ያለ ጥርጥር የታገደ ፀረ ሰው ፈንጂ ነው። ሳጥኑ፣ እንክብሉና ፈንጂው አልተለወጡም፤ የተለወጠው ማስነሻው ብቻ ነው። በቪዲዮ ጌሞች ሰው ሲያልፍ በጨረር ራሱ የሚፈነዳው ክሌይሞር ብዙ ወጣት «ክሌይሞር ማለት እንዲህ ነው» ብሎ እንዲያምን አድርጓል፤ በስምምነቱ ሚዛን ያ በጌም የሚታየው ዓይነት የታገደው ነው።

ሌላም ሕግ አለ። አንዳንድ የተለመዱ የጦር መሣሪያዎችን የሚገድበው ስምምነት በ1996 የተሻሻለ ሁለተኛ ፕሮቶኮል አለው፤ የኦታዋን ያልፈረመችው አሜሪካም የዚህ አባል ናት። ፕሮቶኮሉ ጠላፊ ሽቦን ፈጽሞ አይከለክልም። ፍንጣሪውን ከ90 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን በአግድም የሚረጭና መሬት ላይ ወይም ከመሬት በላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ከሆነ ለሌሎች ፈንጂዎች የሚጠየቀውን አጥር ሳያሟላ ቢበዛ ለ72 ሰዓት እንዲተከል ይፈቅዳል፤ ይኸም የተከለው ጦር በቅርብ ካለና ሲቪል እንዳይገባ ወታደር ቦታውን ከጠበቀ ነው። የክሌይሞር ማዕዘን 60 ዲግሪ ነውና አንቀጹ ለማን ተብሎ እንደተጻፈ መገመት አያስቸግርም።

ደጋፊና ተቺ የሚሉት

የጦር ባለሙያዎች ክርክር ቀላል ነው። በትእዛዝ የሚፈነዳ ክሌይሞር ከመትረየስ አይለይም፤ አንድ ሰው ዒላማውን አይቶ ይተኩሳል፣ ካልተኮሰም ነቅሎት ይሄዳል። ከጦርነት በኋላ አሥርና ሃያ ዓመት ቆይቶ የእረኛ እግር የሚቆርጠው ይህ አይደለም ይላሉ። በዚህ ነጥብ ትክክል ናቸው፤ የፀረ ሰው ፈንጂ ዋና ግፍ ጦርነቱ ማለቁን አለማወቁ ነው።

ተቺዎች የሚያነሱት ስለ ማስነሻው ነው። የአንድን ዕቃ ሕጋዊነት በደቂቃዎች ሊቀየር በሚችል ትንሽ ክፍል ላይ ማንጠልጠል ቁጥጥሩን ደካማ ያደርገዋል፤ መጋዘን የሚፈትሽ ሰው ሳጥኖቹን እንጂ ነገ የሚገጠምባቸውን አያይም። ስለዚህ አባል አገሮች ክሌይሞራቸው በጠላፊ ሽቦ እንዳይሠራ ምን እንዳደረጉ በየዓመቱ በሚያቀርቡት ሪፖርት እንዲገልጹ ይወተውታሉ። በሌሊት፣ በጭጋግ፣ በድንጋጤ ማስነሻውን የሚጨምቅ ወታደር ዒላማውን ለይቶ አየ ማለት ይቻላል ወይ? የሚለው ጥያቄም ሚዛን ይደፋል። ስም መቀየሩን በተመለከተ ግን ትችቱ በከፊል ብቻ ነው የሚያስኬደው፦ «ተተኳሽ» ማለት ሕዝብን ያደናግራል፤ «ፈንጂ» ብሎ መቀጠልም ታግዷል የሚል የተሳሳተ እምነት ይፈጥራል።

ከስምምነቱ መውጣት ምን ይለውጣል

የባልቲክ አገሮቹ መውጣት በዲሴምበር 27 ቀን 2025፣ የፊንላንድ በጃንዋሪ 2026፣ የፖላንድ በፌብሩዋሪ 2026 የሚጸና ሆኗል፤ ስምምነቱ ማስታወቂያው ከደረሰ ስድስት ወር መጠበቅን ያዛልና። በትእዛዝ የሚፈነዳውን ክሌይሞር በተመለከተ ይህ ምንም አይለውጥም፤ ትናንትም ይፈቀድላቸው ነበር። የሚለወጠው ጠላፊ ሽቦውና የሚረገጡት ፈንጂዎች ናቸው። አምስቱም የተሻሻለው ሁለተኛ ፕሮቶኮል አባላት ስለሆኑ ግን የ72 ሰዓቱ ገደብና የጥበቃው ግዴታ እንዳለ ይቆያል።

የዩክሬን ጉዳይ ለየት ይላል። በጁን 2025 ከስምምነቱ የመውጣት ውሳኔዋን አስታውቃለች። ሆኖም አንቀጽ 20 ስድስቱ ወር ሲያልቅ አገሩ በጦርነት ላይ ካለ መውጣቱ ጦርነቱ እስኪያበቃ አይጸናም ይላል። መሣሪያውን በጣም የሚፈልግ አገር በሚፈልግበት ሰዓት እንዳይወጣ የተዘጋ በር ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ

ኢትዮጵያ ስምምነቱን በዲሴምበር 1997 ፈርማ በ2004 አጽድቃለች። ስለዚህ በኢትዮጵያ ምድር በጠላፊ ሽቦ የተተከለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ስሙ ምንም ይሁን ምን በስምምነቱ የተከለከለ ነው። በትእዛዝ የሚፈነዳው በዚህ ስምምነት ባይታገድም፣ ሲቪልን ከተዋጊ የመለየት ግዴታን የመሳሰሉ አጠቃላይ የጦርነት ሕጎች ይገዙታል።

በአማርኛ ዜና «በፈንጂ ተጎዱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የተቀበረውን፣ በርቀት የተነሳውንና ያልፈነዳ ተተኳሽን አንድ ላይ ይጠቀልላል። «ረግጠውት»፣ «ሽቦ ጠልፏቸው»፣ «ከርቀት ተነስቶ»፣ «ልጆች አንስተውት» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ሕጉ የሚጠይቀው መልስ ግማሹ ዜናው ውስጥ ይገኛል።

ጦርነት ባለፈበት ቦታ የሚንቀሳቀስ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ደግሞ ዓይንን ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። በቁጥቋጦ ሥር በእግሮቹ የቆመ ወይም ከግንድ ጋር የታሰረ ጎበጥ ያለ ሳጥን፣ ወይም ከእሱ ወጥቶ ሣር ውስጥ የሚጠፋ ቀጭን ሽቦ ከታየ ሽቦውን ተከትሎ መሄድም መጎተትም መቁረጥም አይገባም። «ፊቱ ወዲያ ነው» ብሎ በጀርባው መጠጋትም አያድንም፤ 16 ሜትሩ እዚህም ይሠራል። በመጡበት ዱካ መመለስ፣ ከብትና ልጆችን ማራቅ፣ ቦታውን ከሩቁ በሚታይ ነገር ማመልከት፣ ከዚያ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ነው፤ የቀረው የፈንጂ አምካኞች ሥራ ነው።